የጠሪ አክባሪ

ሰኞ ጠዋት ሊአት ደወለች፦ «ፒስታቺዮው አለፈበት፣
አረንጓዴው ሁሉ ሞተ፤ ለሐሙስ ሌላ አምጣለት።
ሰው አሁን የሚያየው የሚቀልጥ አይብ ነው፤
ክር እየመዘዘ፣ ቀስ ብሎ፣ ከቢላ ላይ ሲወርድ አሳየው።»

ሥራዬ ይኸው ነው እንግዲህ፤
ያልበላሁትን ማጣፈጥ፣ ያልቀመስኩትን ማስጎምጀት፣
ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ወይኑን ከባሕሩ ፊት ማስቀመጥ፣
አርባ ጊዜ መቅዳት፣ አርባ ጊዜ ወደ ጠርሙሱ መገልበጥ፤
ከአርባው አንዷን መርጦ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ መቁረጥ፣
አገሩ ሁሉ የሚወዛወዝበትን ዜማ ከሥሯ ማንጠፍ፣
ከዚያ መጠበቅ። ልብ መቁጠር።
(ልብ ስል ቀይዋን ነው፣ ጣት ሲነካት የምትበር።)

ድግሱ ሐሙስ ማታ ነበር፣ አሽቀሎን፣ ማሪናው ዳር።
«ሁላችሁም ተጠርታችኋል» ብዬ ጻፍኩ፣ በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛ፤
ለማሳመር ያህል ደግሞ አንዲት መስመር በአማርኛ፦
«ኑ! ቤቱ ቤታችሁ ነው፤ ብሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ።»
ዋጋው ከሥር፣ በደቃቅ፤ እንዲህ ነው የሙያው ብልሃቱ።
ስልኬ ውስጥ ላለው ስም ሁሉ ላክሁት፤ አልመረጥኩም፣ አልለየሁ፤
ለጥርስ ሐኪሜም ልኬ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ ይዤ ተኛሁ።

ሐሙስ ነፋሱ ከባሕር ተነሥቶ ድንኳኑን ያንገላታል።
አይቡ አልቀለጠም፤ ደርቆ እንደ ጫማ ሶል ይጎበጣል።
አንዲት ልጅ አንዱን ጉርሻ ሦስቴ ጎረሰች፣
ሁለቴ ለካሜራ፤ በሦስተኛው ዋጠች።
ከማን ተማረች? ከእኔው ተማረች።

ያን ጊዜ በሩ ጋ አየሁት።
አባቴን። እንዳላማውን።
ለእህቴ ሠርግ የገዛውን ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣
ባርኔጣውን አቃንቶ፣ ከሰዓቱ ሩብ ቀድሞ ደርሶ፤
በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በአንዱ ስድስት ጠርሙስ ጥቁር ማልት፣
በላስቲክ የታሰረ፤ ድግስ በባዶ እጅ አይኬድበት።

«ኮዱን አሳየኝ» አለችው በረኛዋ፣ በትሕትና።
እሱ የሰማው «ማን ጠራህ?» የሚል ነውና
መነጽሩን ፈለገ፤ ስልኩን ዘረጋ፤ መስመሯን በጣቱ እየቆጠረ
ፊደል በፊደል አነበበላት፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ እየከበረ።
«ልጄ ነው የጠራኝ። የጠሪ አክባሪ ብዬ ነው የመጣሁ።
እንግዳው ብዙ ነው መሰል፤ ይኼን አስገቢልኝ፣ ማልቱን ላግዝ ብዬ ያመጣሁ።»

መግቢያው መቶ ሃያ ሼቄል ነው። ሰልፉ ከኋላው ረዘመ።
አንዱ ወጣት ስልኩን አንሥቶ ሊቀርጸው ቆመ።
እኔም ቆምኩ።
ኮቱን፣ ጠርሙሱን፣ ፊደል የሚቆጥረውን ጣት አየሁና
«ይሄ ይዛመታል» አልኩ በልቤ፤ «ሁለት መቶ ሺህ ይደርሳል ገና።»
አባቴ በር ላይ ቆሞ፣ እኔ ተመልካች ቆጠርኩለት።
ከዚያ በኋላ ነው የሮጥኩት።

ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጠርሙሱን በየማዕዱ አደለ፤
«ጠሪውን ያቆይልን፣ ሞሰቡን አያጉድልበት» አለ።
ሁለት ሦስት ሰው «አሜን» ሲል ሰማሁ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው።
አይቡን ቀመሰና በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።
ሲመሽ ግን ዞር ዞር ብሎ ያማትር ጀመር።
«ባለቤቱ ማነው? ሳልሰናበት መሄድ ነውር።»
ባለቤቱን ፈለግሁለት። ቴል አቪቭ ነው፤ ኩባንያ ነው፤
ሊአት ናት፤ ስልክ ውስጥ ናት። «ወጥቷል» አልኩት፣ እንደ ሰው።

መኪና ውስጥ፣ ቀይ መብራት ላይ፦
«ይኼን ሁሉ ሰው ታውቀዋለህ?»
«አላውቀውም።»
«ታዲያ እንዴት ጠራኸው?»
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ጡሩንባ ነፉ።

የወጣቱ ቪዲዮ ዘጠና አንድ ልብ ብቻ አገኘ።
ስቼ ነበር፤ የሚቀልጥ አይብም በሰኞው አረጀ።
ሊአት ደወለች፤ አሁን የተቃጠለ ሐብሐብ ነው ወረቱ።
እኔም ጻፍኩ፣ በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛ፦ ኑ፣ ብሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ።
የአማርኛዋን መስመር ግን አወጣኋት፤
አንድ ሰው አምኗት መጥቶ ነበር።